የዘር እህሉን የሸጠ ገበሬ፦ ማንቼን የጣለው ውል ነው!

ወገን! የማንቼ ደጋፊ ብትሆንም፣ በማንቼ መውደቅ የምትስቅ የአርሰናል ልጅ ብትሆንም፣ ይቺን ነገር እስከ መጨረሻው አንብባት። ዛሬ የምናወራው ስለ ግብ አይደለም። ስለ ፊርማ ነው። ትልቅ ቤት በገዛ ፊርማው እንዴት እንደሚፈርስ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በ2013 ሰር አሌክስ ፈርጉሰን 20ኛውን የሊግ ዋንጫ አስቀምጠው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያ ዋንጫ ኦልድ ትራፎርድን ረግጦ አያውቅም። በ2024/25 ደግሞ የባሰው መጣ፦ 18 ሽንፈት፣ 42 ነጥብ፣ 15ኛ ደረጃ። ፕሪሚየር ሊግ ከተጀመረ ወዲህ ክለቡ እንዲህ ዝቅ ብሎ አያውቅም። ቢልባኦ ላይ የኢሮፓ ሊግ ፍጻሜውን በቶተንሃም 1 ለ 0 ተሸነፈ። ክረምቱ ሳይወጣ ደግሞ በአራተኛው እርከን የሚጫወተው ግሪምስቢ በመለያ ምት 12 ለ 11 ረትቶ ከካራባኦ ዋንጫ አሰናበተው። ግሪምስቢ!

ታዲያ በየዲኤስቲቪ ቤቱ፣ በየታክሲው፣ በየኮሜንቱ ክርክሩ ምንድነው? "አሰልጣኙ ነው ጥፋተኛው!" ሞየስ ጊዜ እንዲህ አልን። ቫን ሃል ጊዜ እንዲህ አልን። ሞሪንሆ፣ ሶልሻየር፣ ቴን ሃግ... ሁሉም ጋ ያው ነው። አሞሪምም ከዚህ ሙግት አላመለጠም። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ሰው ሲቀያየር ቤቱ ያው ከሆነ፣ በሽታው ያለው ሰውየው ላይ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ነው።

እኛ በግልጽ እንናገር፦ ማንቼን የጣለው የገንዘብ እጥረት አይደለም። የአሰልጣኝ እጥረትም አይደለም። የማንቼ በሽታ ሁለት ነው፤ ሁለቱም ወረቀት ላይ ነው ያለው። አንደኛ፣ ላለፈ ዝና የወደፊት ደመወዝ መክፈል። ሁለተኛ፣ ያንን ዕዳ ለመሸፈን የገዛ ልጆቹን መሸጥ። በቃ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው።

ድራፍታችን የት ነው?

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች ይህን ቶሎ ትረዱታላችሁ። በእነሱ ፉትቦል፣ በኤንኤፍኤል፣ 32 ቡድኖች አሉ። በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆች በድራፍት ይመረጣሉ። ዓመቱን በመጨረሻ ደረጃ የጨረሰው ቡድን መጀመሪያ ይመርጣል። የወደቀን የሚያነሳ ሥርዓት ነው። ሽንፈትህ ራሱ ነገን ይሰጥሃል።

ግን ያንንም ማባከን ይቻላል። ዋሽንግተንን ጠይቁ። በ2012 ሮበርት ግሪፊን ሦስተኛው የሚባለውን ወጣት ለማግኘት ከስድስተኛ ምርጫ ወደ ሁለተኛ ለመውጣት ሲሉ ሦስት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችና አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ሰጡ። የነገውን ሁሉ በአንድ ስም ለወጡት ማለት ነው! ልጁ የመጀመሪያ ዓመቱ ድንቅ ነበር። ከዚያ ጉልበቱ ተጎዳ፤ በ2016 ተሰናበተ። የሚገርመው ደግሞ በዚያው ድራፍት፣ በአራተኛው ዙር፣ ያን ያህል ጩኸት ሳይኖር ከርክ ከዝንስን መርጠው ነበር። ዋና ተሰላፊ የሆነው እሱ ነው። እሱንስ ያዙት? ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ አንድ ዓመት ደመወዝ ሲያንጠለጥሉት ቆይተው በ2018 በነጻ ሄደ። ለስም ሁሉንም መስጠት፣ በእጅ ላለው ደግሞ መሰሰት። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

በእንግሊዝ ግን ድራፍት የለም። 15ኛ ስለወጣህ ማንም "መጀመሪያ አንተ ምረጥ" አይልህም። የተሸነፈ ክለብ ያለው ድራፍት አንድ ብቻ ነው፦ አካዳሚው። የማንቼ ድራፍት ካሪንግተን ነው።

ይህ ደግሞ ለማንቼ ጌጥ ሳይሆን አጥንት ነው። ከጥቅምት 1937 ጀምሮ፣ ከ4 ሺህ በሚበልጡ ጨዋታዎች፣ በእያንዳንዱ ስብስብ ውስጥ ቢያንስ አንድ ከአካዳሚው የወጣ ልጅ አለ። የበዝቢ ልጆች ከዚህ ወጡ፤ በ1958 ሙኒክ ላይ አውሮፕላኑ ሲከሰከስ ያ ትውልድ ተቀጨ፤ ክለቡ ግን እንደገና በልጆች ላይ ተነሳ። በ1995 ክረምት ፈርጉሰን ኢንስን፣ ሂዩዝንና ካንቼልስኪስን ሸጠው ቤካምን፣ ስኮልስን፣ በትንና የኔቪል ወንድማማቾችን ሜዳ ላይ አወጡ። የመጀመሪያውን ጨዋታ በአስቶን ቪላ 3 ለ 1 ተሸነፉ፤ አገር ሳቀ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን ሊጉንም ኤፍኤ ካፑንም ወሰዱ። ልብ በሉ፦ ያኔ የተሸጠው ስም ነው፤ የቀረው ልጅ ነው። ዛሬ ተገልብጧል።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር

አሁን ወደ ውሎቹ እንሂድ። ውል ማለት ምንድነው? ክለቡ ነገ ስለምትሰጠው ነገር የሚገባልህ ቃል ነው። ማንቼ ግን ትላንት ለሌላ ክለብ ስለሰጠኸው ነገር ነው የሚከፍለው!

አሌክሲስ ሳንቼዝን አስታውሱ። በጥር 2018 መጣ፤ ፒያኖ እየተጫወተ በቪዲዮ አስተዋወቁት። ደመወዙ በሳምንት ከ350 ሺህ ፓውንድ በላይ እንደነበር በሰፊው ተዘግቧል። ውጤቱ? 45 ጨዋታ፣ 5 ግብ። ከዚያ በውሰት ወደ ኢንተር፤ ከዚያም በነጻ። ችግሩ የእሱ ግብ ማጣት ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው ያን ያህል ሲያገኝ የተቀረው የመልበሻ ክፍል "እኔስ?" ማለት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ውል ለማራዘም የመጣ ሁሉ የሳንቼዝን ሚዛን ይዞ ነው የሚቀመጠው። አንድ መጥፎ ውል አንድ አይደለም፤ ይራባል።

ካዜሚሮ፦ በ2022 ሲመጣ 30 ዓመቱ፣ አምስት ቻምፒየንስ ሊግ ያነሳ ጀግና። ዋጋው 60 ሚሊዮን ፓውንድ፣ ጭማሪውን ሳይቆጥር። የመጀመሪያ ዓመቱ ግሩም ነበር፤ አንክድም። ግን የሰጡት የአራት ዓመት ውል ነው! የ30 ዓመት አማካይ ጉልበት በየዓመቱ እንደሚቀንስ ለማወቅ አሰልጣኝ መሆን ያስፈልጋል እንዴ? ጥፋቱ የካዜሚሮ አይደለም። ማንም ሰው ቢሰጡት ይፈርማል። ጥፋቱ እስክሪብቶውን ያቀበለው ነው።

አንቶኒ፦ ከአያክስ ከ80 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበት መጣ። 96 ጨዋታ፣ 12 ግብ። በ2025 ለቤቲስ ወደ 22 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ። ቤቲስ ላይ ፊቱ ሲበራ አይታችኋል። ልጁ ኳስ አያውቅም ማለት አይደለም፤ የተከፈለበት ዋጋ ግን ከእሱ ጋር አይተዋወቅም ነበር።

ወረቀቱ ተጫዋች ላይ ብቻ አያቆምም። በሐምሌ 2024 የቴን ሃግን ውል አራዘሙ። በጥቅምት አባረሩት! የስፖርት ዳይሬክተሩን ዳን አሽዎርዝን ለማምጣት ወራት ተሟገቱ፤ በአምስት ወሩ አሰናበቱት። ሁለቱን ስንብቶች ለመክፈል 14.5 ሚሊዮን ፓውንድ ወጣ። በዚያው ጊዜ "ገንዘብ የለንም" ተብሎ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሥራ ተቀነሱ። የሠራተኛው ነጻ ምሳ ቀረ። የመግቢያ ዋጋ በዓመቱ መሐል ለሕጻኑም ለአዛውንቱም 66 ፓውንድ ሆነ። አያችሁ? ፊርማውን የፈረመው ትልቁ ሰው ነው፤ ዕዳውን የከፈለችው ግን ወጥ ቤት ያለችው ሴት ናት።

በ2005 ግሌዘሮች ክለቡን ሲገዙ የግዢውን ብድር በራሱ በክለቡ ጀርባ ላይ ጭነውት ነበር። በ2024 ራትክሊፍ ሲመጣ "አዲስ ቀን" ተባለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚያበዛ ቤት ግን ባለቤቱ ቢቀየርም የብድር ልማዱ ካልተቀየረ ያው ነው።

በእጅ የያዙት ወርቅ

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ይህን የሒሳብ ጨዋታ ያልተረዳ ደጋፊ በየዓመቱ ይታለላል።

እስከ 2025/26 ድረስ የሊጉ ሕግ አንድ ክለብ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንዳይከስር ያዝ ነበር። ተጫዋች ስትገዛ ወጪው መዝገብ ላይ በውሉ ዓመታት ይከፋፈላል። 80 ሚሊዮን በአምስት ዓመት ውል ማለት በየዓመቱ 16 ሚሊዮን ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ልሽጠው ብትል ገና 32 ሚሊዮን መዝገብህ ላይ አለ፤ ከዚያ በታች ከሸጥከው ኪሳራ ነው። በአካዳሚ ያደገ ልጅ ግን የተገዛበት ዋጋ የለውም። በ25 ሚሊዮን ስትሸጠው 25ቱም ንጹሕ ትርፍ ተብሎ ይመዘገባል።

ገባችሁ? በስም የተገዛው ሰውዬ አይሸጥም፤ ደመወዙ ከባድ ስለሆነ ፈላጊ የለውም። የቤቱ ልጅ ግን ርካሽ ነው፣ ፈላጊ አለው፣ መዝገቡንም ያሳምራል። ስለዚህ የሳንቼዝን፣ የአንቶኒን ዕዳ የሚከፍለው ማነው? ከልጅነቱ ጀምሮ ያንን ማሊያ የለበሰው ልጅ ነው።

ስኮት ማክቶሚናይ በአምስት ዓመቱ ነው ማንቼ አካዳሚ የገባው። በ2024 በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለናፖሊ ሸጡት። በዚያው ዓመት 12 የሊግ ግብ አገባ፤ በመጨረሻው ቀን በመቀስ ምት ዋንጫውን አስቀረ፤ የሴሪኤው ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ኔፕልስ ላይ ፎቶው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የገዛ ክለቡ በ15ኛ ደረጃ ላይ ሆኖ በቴሌቪዥን አየው።

አንቶኒ ኢላንጋን በ2023 በ15 ሚሊዮን ገደማ ለፎረስት ሰጡት። በሚያዝያ 2025 ከራሱ ሜዳ ኳስ ይዞ ሮጦ ማንቼ ላይ አገባና 1 ለ 0 አሸነፈ። በዚያው ክረምት ኒውካስል ከ50 ሚሊዮን በላይ ከፍሎ ወሰደው። አብዛኛው ትርፍ ለፎረስት!

ጋርናቾና ማይኖ በ2024 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሲቲን 2 ለ 1 ያሸነፉት ናቸው። ሁለቱም 19 ዓመታቸው ነበር፤ ሁለቱም አገቡ። ከ15 ወር በኋላ ጋርናቾ በ40 ሚሊዮን ለቼልሲ ሆነ። የማይኖ ስምስ "ንጹሕ ትርፍ ነው" እየተባለ በሽያጭ ወሬ ውስጥ ሲነሳ አልሰማችሁም?

ገበሬው አባትህ አንድ ነገር ያውቃል፦ ክረምቱ ቢከፋ፣ ጎተራው ቢጎድል፣ የዘር እህል አይሸጥም! የዘር እህል የሸጠ ሰው ዘንድሮን ያልፋል፤ ለከርሞ ግን ለማኝ ነው። ማንቼ በየክረምቱ የሚያደርገው ይህንን ነው። ዘሩን ሸጦ የተፈጨ ዱቄት ይገዛል፤ ዱቄቱ ያልቅና እንደገና ዘር ይሸጣል።

"ግን እኮ..." ለምትሉ

እሺ፣ ሙግታችሁን እንስማ።

"ግን እኮ ራሽፎርድም የቤት ልጅ ነበር! ከፈሉት፣ ምን አመጣ?" ጥሩ ጥያቄ ነው። ራሽፎርድ በ2022/23 30 ግብ አገባ። በዚያ ክረምት እስከ 2028 የሚዘልቅ ውል፣ በሳምንት ከ300 ሺህ በላይ እንደሆነ የተዘገበ ደመወዝ ሰጡት። በቀጣዩ ዓመት 8 ግብ። ከዚያ በውሰት ቪላ፣ ከዚያ ባርሴሎና። ይህ የእኛን ነገር ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም! ለራሽፎርድ የተሰጠው የአካዳሚ ልጅ ውል አይደለም፤ የሳንቼዝ ውል ነው። ባለፈው ዓመት 30 ግብ ላይ ተመሥርቶ የአምስት ዓመት ደመወዝ። የቤት ልጅን ማክበር ማለት በገንዘብ ማስጠም ማለት አይደለም። በጊዜው፣ በልኩ፣ ደረጃ በደረጃ ማሳደግ ማለት ነው።

"ማክቶሚናይ እኮ ለማንቼ አጨዋወት አይሆንም ነበር።" የትኛው አጨዋወት? በ11 ዓመት ውስጥ ስንት አጨዋወት ቀያየርን? አሰልጣኝ በየሁለት ዓመቱ የሚቀይር ክለብ "ለአጨዋወታችን አይሆንም" ብሎ ልጅ መሸጥ መብት የለውም። አጨዋወቱ እንግዳ ነው፤ ልጁ ባለቤት ነው።

"ሕጉ አስገደዳቸው።" ኧረ? ሕጉ እኮ ለአካዳሚ የሚወጣውን ወጪ ከኪሳራ አይቆጥርም ነበር። ልጅ ለማሳደግ የፈለግኸውን ያህል አውጣ ነበር የሚለው። ሕጉ ዘር ዝራ ይል ነበር፤ እነሱ ዘር ሽጥ ብለው አነበቡት።

"ሁሉም ክለብ በስም ይገዛል።" አዎ፣ ይገዛል። ግን የወደቀ ክለብ እንዴት እንደሚነሳ ለማየት የማትወዱትን ጎረቤት እዩ። አዎ፣ አርሰናል! የማንቼ ልጆች ጥርሳችሁን ነክሳችሁ አንብቡ። አርሰናል በ2020ም በ2021ም 8ኛ ወጣ። ምን አደረገ? የኦዚልን ከባድ ውል ኪሳራውን ውጦ በ2021 አቋረጠ። የኦባሜያንግን በ2022 አቋረጠ። ሳካን፣ ከሕጻንነቱ ጀምሮ በሄል ኤንድ ያደገውን ልጅ፣ መሐል ላይ አቆመ። አርቴታን ከአንድ መጥፎ ዓመት በኋላ አላባረሩትም። ከዚያ በ2023፣ በ2024፣ በ2025 ሦስት ጊዜ ተከታትሎ 2ኛ። ገንዘብ አላወጡም እያልን አይደለም፤ ራይስን በ100 ሚሊዮን የገዙት እነሱ ናቸው። ግን መጀመሪያ ቤቱን አጸዱ፤ ከዚያ ዕቃ ገዙ። ማንቼ ቆሻሻው ላይ ምንጣፍ ያነጥፋል።

በ2025 ክረምትም ለኩኛ፣ ለምቤሞና ለሼሽኮ ከ190 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣ። ልጆቹ ጥሩ ናቸው፤ ቢያንስ እድሜያቸው ወደፊት ነው የሚያየው። እንዲቀናቸው እንመኛለን። ግን በአንድ እጅ 190 ሲወጣ በሌላ እጅ ጋርናቾ ሲሄድ፣ ጥያቄያችን ይቀራል፦ ከርሞስ ማን ይሸጣል?

ደጋፊ ምን ይጠይቅ?

ከዛሬ ጀምሮ "ማንን እንግዛ?" የሚለውን ክርክር ትተን እነዚህን እንጠይቅ፦

1ኛ. ከ28 ዓመት በላይ ለሆነ ተጫዋች ከሁለት ዓመት በላይ ውል አይሰጥ! ስሙ ማንም ይሁን።

2ኛ. የደመወዝ ጣሪያ ይኑር፤ ጭማሪው በሜዳ ላይ በሚሠራው ሥራ ይሁን። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሚሊዮን መቁጠር ይብቃ።

3ኛ. የአካዳሚ ልጅ ከመሸጡ በፊት አንድ ሙሉ ዓመት በቦታው ይሞከር። ከተሸጠም መልሶ የመግዛት መብት ወይም ከቀጣዩ ሽያጭ ድርሻ በውሉ ውስጥ ይጻፍ።

4ኛ. መጥፎ ውል የፈረመ ኃላፊ እንደ አሰልጣኙ ሁሉ በስሙ ይጠየቅ። አሰልጣኝ ይሄዳል፣ ፈራሚው ይቀመጣል፤ ይህ ነው መርዙ።

አንድ ወንድማችን "ማንቼ ምናችን ነው? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" ብሎ እንደሚጽፍ እናውቃለን። እውነቱን ነው። ግን ይህን ትምህርት ወደ ቤት ይዘነው እንግባ። የካዜሚሮን ደመወዝ በቃልህ የምታውቅ ወጣት፣ የከተማህ ክለብ ግብ ጠባቂ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ታውቃለህ? በእኛ ሊግ የአንድና የሁለት ዓመት ውል ልማድ ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ግማሽ ቡድን ይበተናል፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ግማሽ ቡድን ይገዛል። ታዳጊ ቡድኑስ? ስንቱ ነው ወደ ዋናው ቡድን ያደገው? የማንቼን ውል መተንተን የቻለ ትውልድ የራሱን ክለብ ውል መጠየቅ አያቅተውም። ዓይኑ አለን፤ አቅጣጫው ነው የቀረን።

እንግዲህ ወገን፣ ነገሩ ይኸው ነው። ዋንጫ በሱቅ አይገዛም። ስም አርጅቶ ይሄዳል፤ ያሳደግኸው ልጅ ግን አንተ ስትወድቅ አብሮህ ይወድቃል፣ ስትነሳም አብሮህ ይነሳል። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ሲቆጠር ዝም ያለ ደጋፊ፣ ነገ ሌላ ሰው አንገት ላይ ሲያበራ ባየው ጊዜ የማልቀስ መብት የለውም።

ዘር አይሸጥም! ከተስማማህ ሼር አድርገው፤ ካልተስማማህ ደግሞ ስድብህን ትተህ ቁጥርህን ይዘህ ኮሜንት ላይ ና።